ተራ ቁጥር ሃያ ስድስት

እትዬን በስሟ የሚጠራት ሰው ምክር ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ፊት ለፊቷ «እትዬ» እንላታለን፤ ዘወር ስትል ደግሞ «ነጠላ ሰረዝ»። ቅጽል ስሙ የወጣላት አንድ ረቂቅ ሕግ ሊጸድቅ እጅ ሲወጣበት ነው። ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ብቻ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ብድግ ብላ፣ «ይቅርታ፣ አንቀጽ አራት ላይ ነጠላ ሰረዝ ቀርታለች። እንዲህ ሆኖ ከወጣ የወታደር ሚስት ጡረታ የምታገኘው እሷም ከዘመተች ብቻ ነው ይላል» አለች። እጃቸውን ያወጡት ሁሉ ቀስ እያሉ አወረዱ። ከዚያ ወዲያ ሕግ አርቃቂዎቹ እሷ ያለችበት ስብሰባ ላይ ወረቀታቸውን ሁለት ጊዜ ሳያነቡ አይገቡም ነበር።

እኔ የድምፅ መቅጃ ሠራተኛ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ትንሽ የስብሰባ ክፍል፣ መስኮቱ ቀለም ሲቀባ ተጣብቆ በቀረው ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጎን ተቀምጫለሁ። እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የእኔ ማሽን ሲበላሽ የእሷ ወረቀት ያድነኛል፤ የእሷ ግን አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ስለዚህ ሕይወቷን የማውቀው ከጎን ነው፤ ከጎን የሚያይ ሰው ደግሞ ብዙ ያያል።

እናቷ ስትሞት እሷ አሥራ ስምንት፣ ታናሽ ወንድሟ ሰባት ዓመቱ ነበር። አባታቸው ቀደም ብሎ ሌላ ቤት ሠርቶ ሄዷል። ወንድሟን አጥባ፣ አልብሳ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ ያሳደገችው እሷ ናት። ያላገባችው በእሱ ምክንያት ነው ይባላል። እሷን ብትጠይቋት ግን፣ «ደብዳቤ የጻፉልኝ ሁሉ ፊደል ይገድፋሉ» ብላ ትዘጋችኋለች።

ወንድሟ አድጎ የውኃ መሥሪያ ቤቱ የፓምፕ መካኒክ ሆነ። ጠረጴዛዋ መስታወት ሥር ባስቀመጠችው ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ፤ እጁ እስከ ክርኑ ቅባት፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው። በጦርነቱ ሦስተኛ ዓመት ከግንባሩ አጠገብ ያለች አንዲት ከተማ ፓምፗ ተበላሸባት። ከተማዋ የምትጠጣው አጣች። ሁለቱም ተዋጊ ወገኖች ጠጋኞች እንዲያልፉ ተስማሙ። እሱና አንድ በያጅ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄዱ።

ከተማዋ መግቢያ ላይ የያዛቸው የወዲያኛው ጦር ሻምበል ነው። ወደ ሰፈሩ ወሰዳቸውና የራሱን ፓምፕ ጠግኑልኝ አለ። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ውኃው ሲወጣ ሻምበሉ ራሱ መጥቶ እጁን ታጠበበት፣ ፊቱንም ታጠበ። በሦስተኛው ቀን ጧት፣ «ይሄ ነገ ደግሞ ለእነሱ ይጠግንላቸዋል» ብሎ መካኒኩን ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ አስወሰደና አስገደለው። በያጁን ለመኪኖቻቸው ስለፈለጉት አስቀሩት። ከአሥር ቀን በኋላ አምልጦ መጥቶ፣ ለእትዬ በሯ ላይ ቆሞ ነገራት። ግባ ብትለው እንኳ አልገባም። እንደዚያ ያለ ነገር የያዘ ሰው ቁጭ ብሎ አይናገርም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሻምበሉ ተማረከና ከሌሎች ጋር የጦር እስረኞች ካምፕ ገባ። ፍርድ ቤት አልቀረበም። እትዬ ከበያጁ ጋር ወደ መርማሪ ጽሕፈት ቤት ሄዳ አቤቱታ አስገባች፤ ግልባጩ ላይ ማህተም አስመታች፤ ወጣች። በሳምንቱ ለምክር ቤቱ አስተዳደር ማመልከቻ ጻፈች። ያን ጊዜ የዋናው አዳራሽ ከፍተኛ ጸሐፊ ነበረች፤ የቆዳ ወንበር፣ የራሷ ቢሮ፣ አሳንሰር ያለው ፎቅ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዲስ ወደተቋቋመው፣ አሳንሰር ወደማይደርስበት ኮሚቴ ዝቅ ብዬ ልዛወር አለች። ሰው ሁሉ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ አለ።

ኮሚቴው የተቋቋመው የጦር እስረኞችን ጉዳይ እንዲከታተል ነው። ሕጉ ለማንም ግልጽ ነው። መንግሥት የጦር እስረኛ መፍታት ይችላል፤ ግን ከመፍታቱ ሠላሳ ቀን በፊት የሚፈቱትን ዝርዝር፣ የሚፈቱበትን ምክንያት፣ በእያንዳንዳቸው ላይ አቤቱታ መኖር አለመኖሩን ለኮሚቴው ማሳወቅ አለበት። ኮሚቴው አትፍቱ ማለት አይችልም። መጠየቅ ይችላል፤ መልሱ ጎደሎ ከሆነ ዝርዝሩን መመለስ ይችላል፤ ሲመልስ ሠላሳው ቀን እንደገና ይጀምራል። ወረቀቱን ተቀብሎ ማህተም የሚመታው ደግሞ ጸሐፊዋ ናት።

በስድስት ዓመት ዘጠኝ ዝርዝር መጣ። ሁሉንም ማስመሪያ ከሥር እያስኬደች፣ መስመር በመስመር ስታነብ አያታለሁ። እኔ ሞኙ ለጥንቃቄዋ ይመስለኝ ነበር።

አሥረኛው ዝርዝር እስረኞቹን ከያዘው ሚኒስቴር የመጣው ማክሰኞ ጧት ነው። አርባ አንድ ሰው። እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር፤ የማስመሪያው ድምፅ ሲቆም ቀና አልኩ። ማስመሪያው ተራ ቁጥር ሃያ ስድስት ላይ ቆሟል። እሷ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ተነሥታ ወጣች፤ ስትመለስ ፊቷ ረጥቧል፤ የሸሚዟ እጅጌም።

«ጆሮ» አለችኝ። እኔን የሚሉኝ እንደዚያ ነው። «በሩን ዝጋልኝ።»

ዘጋሁ። ያን ቀን ነው ስለ ወንድሟ ከላይ ያልኩትን ሁሉ የነገረችኝ። ለስድስት ዓመት ስለ ፎቶው «ወንድሜ ነው» ከማለት በቀር አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

«ስድስት ዓመት እዚህ የተቀመጥሽው ለዚህ ነው?» አልኳት።

«ለሌላ ለምን መሰለህ? ለመስኮቱ?» አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንዲሞት አልፈልግም። የሞተ ሰው ያርፋል። እኔ የማልችለው የሚወጣበትን ቀን ነው። በር ላይ የሚቀበለው ሰው ይኖራል፤ እህት ካለችው ታቅፈዋለች። ያንን እቅፍ ነው የማልችለው።»

ከዚያ እጇን ወደ ቀን ማህተሙ ሰደደች። መፈቻው ቀን የተቆረጠው ከዚያ ማክሰኞ ሠላሳ አንድ ቀን በኋላ ነው። የማህተሙን ጥርስ ሁለት ቀን ወደፊት ብታዞረው ማስታወቂያው ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው፤ ያለ ጥያቄ ተመላሽ ይሆናል። አንዱን ቀን አዞረችው። ቀጭ አለ።

«እትዬ፣ ቢደረስበት እሱን ነጻ ታወጪዋለሽ» አልኳት። «አጭበርብረው አስቀሩኝ ይላል። እውነቱንም ነው።»

ለረጅም ጊዜ ማህተሙን ጨብጣ ቆየች። ከዚያ ጥርሱን ወደነበረበት መለሰችው፤ ትክክለኛውን ቀን መታች፤ ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። አምስት ደቂቃ አልሞላም።

«ና እስቲ፣ ይሄን ዓምድ አንብብልኝ።»

አቤቱታ የሚለው ዓምድ ነው። ተራ ቁጥር ሃያ ስድስት ላይ «አቤቱታ አልቀረበበትመ» ይላል። ሳድሱ «ም» ግዕዙ «መ» ሆኗል፤ የመተየቢያ ስህተት ነው። ሃያ ሰባት ላይም «አልቀረበበትመ»። አንድ ላይም፣ አርባ አንድ ላይም። አንድ ሰው አንዴ ተሳስቶ ጽፎ፣ ያንኑ አርባ ጊዜ ወደታች ገልብጦታል። የማንም ፋይል አልተከፈተም ማለት ነው።

ስታነበው ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ዛሬም አልወደውም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬን አያችሁ ወይ የሚሉ ሽማግሌ። የአቤቱታዋን ባለማህተም ግልባጭና ዝርዝሩን ይዛ ገባች፤ ምስክር እንድሆን እኔንም አስከተለችኝ። ሁለቱንም አንብበው ሲጨርሱ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ቃለ ጉባኤ አትይዢም» አሏት። «ባለጉዳይ ነሽ።»

«አውቃለሁ። ምትክ ጠይቄያለሁ።»

«ጥሩ። አሁን ስሚኝ። ስህተቱ አርባ አንዱም ላይ ነው። ሃያ ስድስትን ብቻ መመለስ እንችላለን። ሁሉንም መመለስ እንችላለን። እሱን ብቻ ከመለስን ሚኒስቴሩ በሳምንት አንድ ምክንያት ለጥፎለት ያመጣዋል። ሁሉን ከመለስን ሁሉን ማጣራት ግድ ይሆንበታል፤ ወራት ይፈጃል፤ የሱም ነገር በደንብ ይታያል። አንቺ ከኔ ይልቅ ይሄን ሥራ ታውቂዋለሽ። ምን ትያለሽ?»

«ሁሉም ይመለስ።»

«ሌሎቹ አርባ ሰዎች ናቸው፣ ልጄ። ምናልባት አብዛኞቹ ምንም የላቸውም።»

«ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ሦስት ወር አያቅተውም» አለች። ለማሰብ እንኳ አልዘገየችም። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር፤ እኔም ምንም አላልኩም።

ምክትል ሚኒስትሩ የተጠሩት በሳምንቱ ነው። እትዬ ያን ቀን ግድግዳውን ተጠግታ፣ ከባለጉዳዮች ወንበር ላይ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። እስክሪብቶ ሳትይዝ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«የያንዳንዱ እስረኛ መረጃ በጥንቃቄ ተጣርቷል» አሉ ምክትል ሚኒስትሩ።

«ደስ ይላል» አሉ ሰብሳቢው። «እስቲ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ የአቤቱታውን ዓምድ፣ ፊደሉን ሳይለውጡ ያንብቡልኝ።»

«አቤቱታ አልቀረበበት… መ።»

«አሥራ አንድን።»

«አልቀረበበትመ።»

«ሠላሳ አራትን።»

ምክትል ሚኒስትሩ ወረቀቱን አስቀመጡት። አንድ አባል ሳቁን በመሐረብ አፈነ።

«እኔ አርባ ዓመት ፈተና አርሜያለሁ» አሉ ሰብሳቢው። «አርባ አንድ ተማሪ አንድ ዓይነት ስህተት ሲያመጣልኝ፣ አርባው እንዳልሠሩት አውቃለሁ። አሁን ይሄን ይዩልኝ።» የእትዬን ግልባጭ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉት። «ተራ ቁጥር ሃያ ስድስት ላይ የቀረበ አቤቱታ ነው። ማህተሙ የመንግሥት ነው። ቀኑ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። የት ገባ?»

ፋይሎች ከመርማሪው ጽሕፈት ቤት ሲዛወሩ አንዳንዶቹ መጋዘን ቀርተው ይሆናል የሚል መልስ ሰጡ። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ዝርዝሩን መለሰ። ከክፍሉ ስንወጣ እትዬ ደረጃው ላይ ቆመችና ግድግዳውን ያዘች። ታመመች ብዬ ክንዷን ስይዛት ሰውነቷ ይሞቅ ነበር።

«ዛሬ ይነግሩታል» አለችኝ። «ሻንጣውን አሰናድቶ ነበር አይደል? ዛሬ ይፈታዋል።»

ከማግስቱ ጀምሮ ግቢው በር ላይ ሰዎች መቆም ጀመሩ። የአርባዎቹ ሚስቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞች። አንዳንዶቹ ቤት ቀለም ቀብተው ነበር። ከሁሉ የማትቀረው ግራጫ ሹራብ የምትለብስ ሴት ነበረች። ባሏ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ነው፤ ልብስ ሰፊ። የታሰረው ለወዲያኛው ጦር የደንብ ልብስ ሰፍተሃል ተብሎ ነው፤ መሣሪያ ተደግኖበት እንደሰፋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስኳር በሽታ አለበት። ሴትየዋ የገባ የወጣውን ሁሉ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ ነበር፤ «ማን ነው ያስቀራቸው?» እትዬንም ጠይቃታለች። እትዬ መታወቂያዋን ለዘበኛው አሳይታ አለፈች።

በሦስተኛው ሳምንት ኮሚቴው ካምፑን ጎበኘ። እኔ ማሽኔን ይዤ ሄድኩ። ሻምበሉን አመጡት። አንዱን ሰው አውሬ ሲሉት የሰማ አውሬ ይጠብቃል፤ የመጣው ግን አርባ ስድስት ዓመት የሆነው፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ቦይ ሲጠርግ ቦት ጫማው ጭቃ የጠጣ ሰውዬ ነው። ሰብሳቢው ስለ መካኒኩ ጠየቁት። ተመልሼ ስመጣ እትዬ ክፍሉ ውስጥ ትጠብቀኝ ነበር።

«አሰማኝ» አለች።

«የኮሚቴ ቅጂ ነው፣ እትዬ። ባለጉዳይ ነሽ።»

«አሰማኝ አልኩህ።»

አሰማኋት። ጥፋት ነው፤ ዛሬም ጥፋቴ ነው እላለሁ። የሰውዬው ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር። «አስታውሰዋለሁ» ይላል። «እጁ ጎበዝ ነበር። የጠገነው ፓምፕ እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ አንድ ቀን አልቆመም።» ሰብሳቢው፣ «ታዲያ ለምን አስገደልከው?» ይላሉ። ከጀርባው የአካፋ ድምፅ ይሰማል። «ጦርነት ነበር። ዛሬ ቢሆን አላደርገውም።»

ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሲናገር ሳቀ?»

«አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ነበር።»

«ቢስቅ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ውኃውን ጠጥቶታል። ወንድሜ ከሞተም በኋላ ጠጥቶታል። ‘አንድ ቀን አልቆመም’ ይላል፤ እያመሰገነልኝ ነው?»

ከዚያ ቀን በኋላ ይባስ ጠነከረች። ምሳ ሰዓቷን ለዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሰጠችው። በያጁን ፈልጋ አገኘችው፤ አንድ ጆሮው አይሰማም፣ ሌላ ከተማ የበር ፍርግርግ ይበይዳል። «ልረሳው እየሞከርኩ ነው» ሲላት፣ «ከመሰከርክ በኋላ ትረሳዋለህ» አለችው። የውኃ መሥሪያ ቤቱን የጉዞ ወረቀት፣ የፓምፑን የጥገና ደብተር፣ ሁሉን አንድ ባንድ ሰበሰበች። ዐቃቤ ሕጉ አንድ ቀን ለእኔ፣ «ይህቺ ሴትዮ ክሱን ጽፋ የመጣችው እኔ ከምጽፈው አሳምራ ነው» አለኝ።

ዝርዝሩ በተመለሰ በአርባ ሁለተኛው ቀን ከካምፑ አጭር ደብዳቤ መጣ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ሞቷል። ስኳሩ ከፍ ብሎ ራሱን ስቶ፣ ካምፑ ውስጥ ሐኪም ባልነበረበት ቀን። በመጀመሪያው ዝርዝር ቢሆን ኖሮ ከወጣ አሥራ ስምንት ቀን አልፎት ነበር።

እትዬ ለሌላው ጉዳይ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ስለነበር ደብዳቤውን የተቀበለችው እሷ ናት። ማህተም መታችበት። ቁጥር ሰጠችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከድና ተቀመጠች፤ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ጠርተዋት አልሰማችም።

«ሴትየዋ ጋ ልትሄጂ ነው?» አልኳት በኋላ።

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ የሱን ልጨርስ።»

ይሄን ስትለኝ ፊቷን አየሁት። ሐዘኑ አለ፤ ግን ከሥር ያለው ነገር ንቅንቅ አላለም። ትዋሻለህ ካላላችሁኝ በቀር፣ ያን ዕለት ፈራኋት።

በሦስተኛው ወር ሚኒስቴሩ ተጣርቶ ያለቀ ዝርዝር አመጣ። ሠላሳ ዘጠኙ ተፈቱ። የሁሉም ፋይል ተከፍቶ፣ በሁለቱ ላይ ቀላል አቤቱታ ተገኝቶ በእርቅ አለቀ። ሻምበሉ ብቻ ተለይቶ ለፍርድ ቤት ተላለፈ። ክርክሩ አምስት ወር ፈጀ። በያጁ መሰከረ፤ ሲመሰክር ደህናውን ጆሮውን ወደ ዳኛው አዙሮ፣ ተከሳሹን አንድም ጊዜ አላየውም። ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ ደስ ይላት እንደሁ ብዬ ጠበቅኩ። ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ነበር።

«ሲወጣ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው» አለች። «እኔ ሰባ አራት። እደርስበታለሁ።»

«ደርሰሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«በር ላይ እቆማለሁ። የሚያቅፈው ሰው መጀመሪያ እኔን አልፎ ይሄዳል።»

በዚያው ቅዳሜ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሄደች። የሆነውን ሰኞ ቃል በቃል ነገረችኝ፤ እሷ እንደሆነች ሌላ አነጋገር አታውቅም። ቤቱ በተርታ ከተሠሩ የኪራይ ክፍሎች አንዱ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ የስፌት መኪናው ይሰማል። ግራጫ ሹራብ የምትለብሰው ሴት መኪናው ላይ ተቀምጣ ኮሌታ ትሰፋለች።

«ይግቡ» አለቻት። «ለማሰፋት ከሆነ አሁን የምሰፋው እኔ ነኝ። የሱን ያህል ባይሆንም።»

«ለማሰፋት አይደለም። ከምክር ቤት ነው የመጣሁት። ዝርዝሩ በሙሉ ይመለስ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ የመኪናውን ጎማ በእጇ ያዘችና አቆመችው። ለጥቂት ጊዜ ያየቻት እንደማታውቃት ሰው ነው፤ ቀጥሎ አወቀቻት።

«አንቺ በር ላይ ጠይቄሽ ዝም ብለሽኝ ያለፍሽዋ ነሽ።»

«አዎ።»

«ባሌ ምን አድርጎሽ ነበር?»

«ምንም። ዝርዝሩ ውስጥ ወንድሜን የገደለ ሰው ነበር። እሱን ለማስቀረት ነው።»

«ባሌንስ? ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። አርባ ሰው እንዳለ ተነግሮኛል። ይጠብቁ አልኩ።»

እትዬ እንዲህ ብላ ስትነግረኝ፣ «ረሳሁት ብላት ኖሮ ትንሽ ይቀላት ይሆናል፤ ግን ውሸት ነው» አለች።

ሴትየዋ አልጮኸችም፣ አልሰደበቻትም። ከመሳቢያው የልብስ ልክ የሚጻፍበት ደብተር አወጣች፤ ባዶ ገጽ ገልጣ ከእርሳስ ጋር ሰጠቻት።

«ስምሽንና የሥራሽን ቦታ ጻፊልኝ። አቤቱታ የት እንደሚገባም ጻፊልኝ። አንቺ ይሄን ታውቂዋለሽ።»

እትዬ ጻፈችላት። ለማን እንደሚጻፍ፣ ምን እንደሚያያዝ፣ ግልባጩ ላይ ማህተም ሳታስመታ እንዳትወጣ፣ ሁሉንም። ሴትየዋ አንብባ፣ «አሁን ከቤቴ ውጪ» አለቻት። ወጣች።

አቤቱታው በወሩ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ሴትየዋ ቆማ ራሷ አነበበችው። «አንዱን ለመበቀል አርባ ሰው መያዣ ተደርጓል፤ ከአርባው አንዱ ባሌ ነው» ይላል። አባላቱ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በእጃቸው ያዙት።

«ውሳኔው የኮሚቴው ነው» አሉ። «ጸሐፊዋ ድምፅ የላትም።»

እትዬ ከባለጉዳዮች ወንበር ተነሣች። «ውሳኔው የኮሚቴው ነው፣ ክቡር ሰብሳቢ። ምክሩ የኔ ነው። ሲጠይቁኝ ስለ አርባዎቹ ነግረውኛል፤ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሦስት ወር አያቅተውም ብያለሁ። እንደዚሁ ይመዝገብ።»

«እኔም ባለጉዳይን መጠየቅ አልነበረብኝም» አሉ ሰብሳቢው። «እሱም ይመዝገብ።»

ማሽኔ ሁሉንም ቀዳው። በዚያው ሳምንት ኮሚቴው አሠራሩን ለወጠ፤ ጉድለት የተገኘበት ሰው ስም ብቻ ይመለሳል፣ የታመሙት ጉዳይ ይቀድማል። እትዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወረች። ሰብሳቢው በቀጣዩ ምርጫ አልተወዳደሩም። ለሴትየዋ የይቅርታ ደብዳቤ ተላከላት፤ አጣጥፋ ለፖስተኛው መለሰችለት ተብሏል።

የአቤቱታው ውሳኔ የተነበበበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሴቶች አብሬ ያየሁበት የመጨረሻ ቀን ነው። የምክር ቤቱን ደረጃ ሲወርዱ ከኋላቸው ነበርኩ። ሴትየዋ መጨረሻው ደረጃ ላይ ቆማ ዞረች።

«ያንቺኛው ሃያ ሁለት ዓመት ተፈረደበት አሉ።»

«አዎ።»

«በቃሽ?»

«አልበቃኝም።» እትዬ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «አንቺንስ? ዛሬ የተደረገው?»

«እኔንም አልበቃኝም» አለች ሴትየዋ። «ከሥራ ብትባረሪም አይበቃኝም ነበር። እንድታውቂው ነው።»

«አውቀዋለሁ» አለች እትዬ።

ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። ወደ አውቶቡስ መጠበቂያው አብረው ተራመዱ፤ አንዷ ከመጠለያው በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ ቆሙ። ዝናብ ማካፋት ስለጀመረ ሁለቱም ወደ መካከል ጠጋ ማለት ነበረባቸው፤ ማናቸውም አልተጠጉም።